የደጋው ገብስና የሐሩር ምድር ውስኪ

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ አጅባር የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ዐይኑን ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ቢያቀና ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የገብስ ማሳ ነው። በስተ ሰሜን የበሽሎ፣ በስተ ምዕራብ የዓባይ ጥልቅ ሸለቆ ከጎንደርና ከጎጃም የሚለዩት ይህ የቦረናና የሳይንት ደጋ፣ አብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ፣ በክረምት ጉም የሚለብሰው፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የሚመታው፣ ከአናቱም ላይ ጤፍ የማይደፍረው፣ ገብስ ግን ተመችቶት የሚያድግበት ምድር ነው። በካርታ ላይ ሲታይ ደግሞ ይኸው ብርዳም አገር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ ገደማ የሚገኝ ስለሆነ፣ የጂኦግራፊ ሊቃውንት የሐሩር ክልል ከሚሉት መቀነት ውስጥ ይቆጠራል። በብቅልና በአረቄ ረገድ ረጅም ልማድ ያለው ይህ የገብስ አገር የሐሩር ምድር አካል መሆኑ፣ በሩቅ የተፈጸመውን አንድ ታሪክ ለእኛ የቅርብ ያደርገዋል፤ ይኸውም ከገብስ ብቅል ብቻ የሚወጣው፣ ሲንግል ሞልት የሚባለው ውስኪ፣ ከስኮትላንድ ብርድና ጉም ርቆ ሊከብር አይችልም ሲባል ኖሮ፣ በሙቀት ምድር ተሠርቶ የዓለምን ምስክርነት ያገኘበት ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ከመነሻው ጀምረን፣ የእኛን ገብስ ድርሻ ሳንዘነጋ፣ እንደ ዘመኑ ቅደም ተከተል ልንተርከው ወደድን።

ገብስ በኢትዮጵያ ደጋ የታወቀው ታሪክ በብራና መጻፍ ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው። ገበሬው የእህል ንጉሥ ብሎ የሚያከብረው፣ እንጀራው፣ ገንፎው፣ በሶው፣ ቆሎውና ጠላው ሁሉ ከዚህ ከአንድ እህል የሚወጣለት ስለሆነ፣ በወሎም በልግ በሚዘንብባቸው ከፍተኛ ቦታዎች የበልጉ ገብስ የመኸሩ እህል ሳይደርስ ቀድሞ ደርሶ የረኃቡን ወራት የሚያሻግረው ስለሆነ ነው። በትውፊት መሥዋዕተ ኦሪት ከቀረበባቸው ጥንታውያን መካናት አንዷ ተብላ የምትዘከረው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ዐፄ ገላውዴዎስ ያከበሯት ተድባበ ማርያም በሳይንት ምድር ላይ ናት፤ በእርሷና በአካባቢው አድባራት ዙሪያ የሚኖረው ምእመን በዝክር፣ በማኅበርና በሰንበቴ ጊዜ ጽዋውን የሚሞላው ከገብስ በተጠመቀ ጠላ ሲሆን፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሙስሊም ጎረቤቱ ደግሞ ከዚያው ከገብስ የማያሰክረውን ቅሪቦ አዘጋጅቶ እንግዳውን ይቀበላል። በአንድ መንደር ሁለት ሃይማኖት፣ በሁለት ሃይማኖትም አንድ እህል ተከብሮ የኖረበት አገር ነው።

የብቅሉ ጥበብ በሴቶች እጅ የኖረ ጥበብ ነው። ባልቴቷ ገብሱን ለቅማ፣ በውሃ ዘፍዝፋ፣ በቅጠል ጠቅልላ፣ ድንጋይ ጭናበት ጥቂት ቀን ታሳድረዋለች፤ እህሉም በእርጥበቱና በሙቀቱ ተነቃቅቶ ሲያጎነቁል፣ ለቡቃያው ምግብ ይሆን ዘንድ በውስጡ የተከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ኃይል፣ ዛሬ ሳይንስ ኢንዛይም የሚለው፣ በእያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ይፈጠራል። ያን ጊዜ በፀሐይ ታደርቀዋለች፤ በቅሎ እንዳያልቅ እድገቱን ስትገታው ኃይሉ በፍሬው ውስጥ ታትሞ ይቀራል። በስኮትላንድ ታላላቅ የብቅል ቤቶች የሚደረገው ሥራ በመጠን ይበልጥ እንደ ሆነ እንጂ በሥርዓቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጠላን ወደ አረቄ የሚያሸጋግረው ጥበብ ግን ከጠላው ዘግይቶ የመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ የክርስትና መቶ ክፍለ ዘመናት በእስክንድርያና በግብፅ የነበሩ ጠቢባን፣ ከእነርሱም መካከል ጽሑፉ የተረፈልን የፓኖፖሊሱ ዞሲሞስ፣ ፈሳሽን በእሳት አትንኖ እንፋሎቱን መልሶ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ያውቁ ነበር፤ የዐረብ ሊቃውንት ይህን ዕውቀት ተቀብለው አበለጸጉት፤ ከዐረብም ዓለም ወደ ብዙ አሕዛብ ተሠራጭቶ፣ በአንድ ወገን ወደ አውሮፓ ገዳማት፣ በሌላ ወገን ወደ እኛ ደጋ ጓዳዎች ገባ። ከጌሾና ከብቅል የተዘጋጀው ጥንስስ፣ ቂጣ ተቆርሶ ተጨምሮበት፣ ድፍድፉ በሚገባ ከተብላላ በኋላ፣ አፉ በጭቃ በተመረገ ማሰሮ ውስጥ ተደርጎ በለስላሳ እሳት ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። በዚህ መልክ አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ከመቶው ወደ 34 እጅ፣ ተመልሶ ሁለተኛ የወጣው ዳግም ደግሞ ወደ 46 እጅ አልኮል እንደሚደርስ በቤተ ሙከራ ተለክቷል። ከፍታውም ለሥራው የራሱን ባሕርይ ይሰጠዋል፤ የአየሩ ክብደት ስለሚያንስ፣ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በመካነ ሰላም ከፍታ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና፣ ድፍድፉም በባሕር ጠለል ላይ ካለው ይልቅ ባነሰ ሙቀት ይተናል። ይህ አረቄ ግን ዛሬ ወጥቶ ነገ የሚጠጣ ነው፤ ጊዜ ይፈውሰው ዘንድ በዕቃ አኑሮ ማቆየት በአገራችን ልማድ አልሆነም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1494 በስኮትላንድ ንጉሥ በጄምስ አራተኛ የግምጃ ቤት መዝገብ ላይ፣ ጆን ኮር ለሚባል መነኩሴ የሕይወት ውሃ የሚሉትን መጠጥ ያወጣ ዘንድ 8 ቦል ብቅል እንዲሰጠው የሚያዝ ቃል ሰፍሮ ይገኛል፤ ቦል የዚያ ዘመን የእህል መስፈሪያ ነበር። ይህ ስለ ብቅል አረቄ በዚያ አገር የተገኘው ጥንታዊው የጽሑፍ ማስረጃ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት የስኮትላንድ ገበሬ ከራሱ ገብስ በራሱ ጓዳ እያወጣ፣ ቀረጥ ሲበዛበትም በተራራ ዋሻ እየሸሸገ፣ እንደ ውሃ የጠራውን አረቄ ልክ እንደ እኛው ገበሬ በወጣበት ወራት ይጠጣው ነበር። መንግሥት በ1823 ሕጉን አሻሽሎ ፈቃድ የማውጣቱን ሸክም ባቀለለ ጊዜ፣ በማግስቱ ዓመት የግሌንሊቬቱ ጆርጅ ስሚዝ በአዲሱ ሕግ ፈቃድ ወስዶ በይፋ ማውጣት ጀመረ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። ነጋዴዎች አረቄውን ከስፔን ወይን በተገለበጡ የኦክ እንጨት በርሜሎች ውስጥ እያኖሩ ሲያጓጉዙና ሲያከማቹ፣ ከጊዜ ብዛት መልኩ ወደ ወርቅ እንደሚያዘነብል፣ ሻካራነቱ እንደሚለዝብ፣ ሽታውም እንደሚያምር አስተዋሉ።

የዚህ ለውጥ ምክንያት በእንጨቱና በአየሩ ውስጥ ነው። የበርሜሉ ውስጥ በእሳት ተለብልቦ ስለሚሠራ፣ እንጨቱ ቀለምና እንደ ቫኒላ ያለ መዓዛ ለአረቄው ይሰጣል፤ ሙቀት ሲነሣ አረቄው ሰፍቶ ወደ እንጨቱ ይገባል፤ ብርድ ሲሆን ተሰብስቦ ይመለሳል፤ በእንጨቱ ቀዳዳ የሚገባው አየርም ሻካራውን ጠባይ ቀስ በቀስ ይለውጠዋል። በዚያው ቀዳዳ ግን አረቄው ራሱ እየተነነ ይወጣልና፣ በስኮትላንድ በየዓመቱ ከመቶው ወደ ሁለት እጅ ይጎድላል፤ የአገሩ ሰዎች ይህን ጉድለት የመላእክት ድርሻ እያሉ ያለ ቅሬታ ይተዉታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1915 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ መንግሥት ያልበሰለ አረቄ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለ፤ በመጀመሪያ የሁለት ዓመት፣ ወዲያውም የሦስት ዓመት ቆይታ ግዴታ ሆነ። የስኮትላንድ ውስኪ ክብር በእርግጥ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ጥበቡ የገበሬ ጥበብ ነበር፤ ሕጉ ትዕግሥትን ሲያስገድድ የዓለም ንግድ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ከሳይንት ብዙም በማይርቀው በመቅደላ አምባ ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጡበት ቀን ደረሰ። በሮበርት ናፒየር መሪነት የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ አምባውን የያዘው ሠራዊት ከህንድ፣ ከቦምቤይ የተነሣ ነበር። በዚያች በህንድም የእንግሊዝ ሹማምንት የቆላውን ሙቀት ሸሽተው በሂማላያ ግርጌ ባሉ ኮረብቶች ላይ ከተሞች መሥርተው ነበርና፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ኤድዋርድ ዳየር የሚባል እንግሊዛዊ በካሳውሊ ኮረብታ ላይ የቢራና የአረቄ ማውጫ አቋቁሞ፣ ለወገኖቹ የአገራቸውን ጣዕም ያቀርብ ጀመር። ቦታውን ሲመርጥ ያየው ብርዱንና ንጹሑን ምንጭ ነበር፤ ሐሩሩ እንደ ጠላት ተቆጥሮ፣ ውስኪ በሙቀት ምድር ቢሠራ እንኳ በሙቀት ምድር መካከል ያለች ቀዝቃዛ ደሴት ያስፈልገዋል የሚለው አሳብ ከዚያ ጀምሮ ለረጅም ዘመን ጸና።

በአዲስ አበባ ዘመናዊው የመጠጥ ኢንዱስትሪ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ፍጻሜ ገደማ ተጀመረ። ዛሬ ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት መነሻው በ1898 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይነገራል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካም በ1915 ዓ.ም. ተከተለ። ቢራው ብቅልን ይፈልግ ነበር፤ የአረቄው ፋብሪካ ግን ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ በሚወጣ አልኮል ላይ ሽታና ቀለም እየጨመረ ኡዞውን፣ ጂኑንና ኮኛኩን ሲያቀርብ ኖረ። የደጋው ገብስ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ከገብሱ የሚወጣው አረቄም በመንደሩ ጓዳ፣ በባልቴቲቱ እጅ ብቻ ቀረ።

ገብሳችንን ያስተዋሉት ባዕዳን ነበሩ። በ1919 ዓ.ም. ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከአልጋ ወራሽ ከተፈሪ መኰንን ጋር ተገናኝቶ፣ በበቅሎ ደጋውን እየዞረ የእህል ዘር ሰበሰበ፤ በአንድ ማሳ ላይ ነጭ፣ ጥቁር፣ ወይን ጠጅ፣ ባለ ሁለትና ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ተደባልቆ ማየቱም ኢትዮጵያን ከዓለም የእህል ብዝኃ ዘር ማዕከላት አንዷ አድርጎ እንዲቆጥራት አበረታው። ከእርሱ በኋላ፣ አገሪቱ በፋሺስት ወረራ ሥር በነበረችበት በ1929 እና በ1930 ዓ.ም.፣ አንድ የጀርመን የጥናት ጓድ ከኢትዮጵያ የገብስ ዘር ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ወሰደ። በዚያን ጊዜ ማንም ሊገምት ባልቻለ መንገድ፣ ከእነዚያ ዘሮች በአንዳንዶቹ ውስጥ ገብስን እንደ አመድ ሸፍኖ የሚያደርቀውን የአመዳይ በሽታ የሚቋቋም ኃይል ተገኘ፤ ይህም ኃይል ተዳቅሎ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 አቴም በሚባለው የገብስ ዝርያ ላይ ለገበሬ ቀረበ፤ ከዚያም በኋላ በብዙ የአውሮፓ የጸደይ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ ተዋሕዶ ቀረ። ከዚሁ ቀደም ብሎም ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀነጭረው የቫይረስ በሽታ በካሊፎርኒያ ማሳዎች ላይ በተነሣ ጊዜ፣ መድኅን የሆነው ከኢትዮጵያ ገብስ የተወሰደ ዘረ መል ነበር። ለቢራና ለውስኪ ብቅል የሚሆነው ገብስ በሚዘራባቸው በብዙ የአውሮፓ ማሳዎች ላይ የኢትዮጵያ ደጋ ውርስ ሳይነገር ይኖራል ብንል፣ ቃላችን ከእውነት አይርቅም።

ህንድ ነጻነቷን ባገኘች ማግስት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948፣ ራድሃክሪሽና ጃግዳሌ የሚባል ሰው በደቡብ ህንድ፣ በባንጋሎር ከተማ አምሩት የተባለውን የመጠጥ ኩባንያ አቋቋመ። ባንጋሎር ከባሕር ጠለል በላይ 920 ሜትር ገደማ፣ ከምድር ወገብም በስተ ሰሜን በ13 ዲግሪ ላይ የምትገኝ፣ እንደ እኛው በሐሩር ክልል ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት እንደ ሌሎቹ የአገሩ ኩባንያዎች ከሞላሰስ በሚወጣ አልኮል ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከህንድ ገብስ ብቅል አረቄ እያወጣ ከሌላው ጋር ይቀላቅል ጀመር። ያን ጊዜ ባለሙያዎቹ ሁለት ነገር ተመለከቱ፤ አንደኛው አስደሰታቸው፤ ሁለተኛው አሳሰባቸው። በባንጋሎር ሙቀት አረቄው ከእንጨቱ የሚወስደውን ቀለምና መዓዛ ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ የአንድ ዓመት ቆይታ በስኮትላንድ ከሦስት ዓመት ቆይታ ጋር እንደሚመጣጠን ገመቱ፤ የመላእክቱ ድርሻ ግን በየዓመቱ ከመቶው ከ10 እስከ 12 እጅ ደረሰ። የዚህን ክብደት ለመረዳት ሒሳቡን ማየት ይበቃል፤ 200 ሊትር የሞላ በርሜል ለ10 ዓመት ቢቀመጥ፣ በስኮትላንድ ወደ 163 ሊትር ሲተርፍ፣ ከመቶው 11 እጅ በሚተንበት በባንጋሎር የሚተርፈው ወደ 62 ሊትር ብቻ ነው። በሐሩር ምድር ውስኪ የሚሠራ ሰው እንግዲህ በስኮትላንድ ያለው ባልንጀራው የማያውቀው ፍርድ ይጠብቀዋል፤ ቢቸኩል አረቄው አይበስልም፤ ቢዘገይ እንጨቱ ያመርረዋል፤ በርሜሉም ይራቆታል።

በዚያው ዘመን በአገራችን የገብስ ታሪክ በሁለት ፊት ይሄድ ነበር። በአንድ ወገን፣ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ምርምር ድርጅት በሆለታ ማዕከሉ በኩል እንደ ሆልከርና በካ ያሉትን የቢራ ገብስ ዝርያዎች ለገበሬ አቀረበ፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ የአርሲ ገብስ ለቢራ ብቅል መሆን ቻለ። በሌላ ወገን፣ በ1968 ዓ.ም. የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቋመና፣ በኋላ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት የአገሩን ዘር ከመጥፋት የማዳን ሥራ ተያዘ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የወሎ ገበሬ ከአያት ቅድመ አያት የወረሰውን የዘር ገብስ ጭምር ለልጆቹ ለማጉረስ ተገደደ፤ አንድ ዘር ከተበላ ደግሞ በመቶ ዓመታት የተመረጠ ጠባይ አብሮት ይጠፋል። ዶክተር መላኩና ባልደረቦቻቸው በችጋሩ መካከል ከገበሬው ዘር እየሰበሰቡ አተረፉ፤ በኋላም ለገበሬው እንዲመለስና በማሳው ላይ እንዲጠበቅ ደከሙ። በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ስለዚህ ሥራቸው ነው። የአሰላው ፋብሪካ ገብስን ወደ ገበያ አወጣው፤ የማዕከሉ ሥራ ግን ያ ገበያ ነገ የሚፈልገውን ዘር ከሞት ጠበቀ፤ ስለዚህም በገብስ ታሪክ ውስጥ የዶክተር መላኩ ስም ከማንም ባለ ፋብሪካ ቀድሞ ሊነሣ ይገባል።

የሐሩሩ ውስኪ በይፋ የተወለደው በነሐሴ 18 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። የአምሩት መሥራች ልጅ ኒላካንታ ራኦ ጃግዳሌ፣ በእንግሊዝ አገር ይማር የነበረው ልጁ ራክሺት ያቀረበውን አሳብ ተቀብሎ፣ የባንጋሎርን ሲንግል ሞልት በስኮትላንድ መካከል፣ በግላስጎ ከተማ፣ ካፌ ኢንዲያ በሚባል የህንዶች ምግብ ቤት ውስጥ ለሽያጭ አቀረበ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ፤ ህንድ በሞላሰስ ውስኪ የታወቀች ስለ ነበረች ገዢው ሁሉ ጠርሙሱን በጥርጣሬ ይመለከተው ነበር። ኩባንያው ግን መልኩን አልሸሸገም፤ የህንድን ገብስ በጭስ ከደረቀ የስኮትላንድ ብቅል ጋር አጣምሮ ፊውዥን የሚባለውን ውስኪ ሠራ፤ ይህንም የእንግሊዙ ቀማሽ ጂም መሬይ በ2010 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ከመቶ 97 ነጥብ ሰጥቶ የዓለም ሦስተኛ አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙቀቱ ነውር መሆኑ ቀረ።

በዚሁ ወቅት በሐሩር ክልል ዳር በምትገኘው በታይዋን ደሴት ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ታይዋን በ2002 እ.ኤ.አ. የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን መንግሥት በመጠጥ ላይ የነበረውን ብቸኛ ሥልጣን ተወ፤ ያን ጊዜ የኪንግ ካር ኩባንያ ባለቤት ቲየን ጻይ ሊ በይላን አውራጃ ካቫላን የሚባለውን የውስኪ ማውጫ አሠራ፤ የመጀመሪያው አረቄም በመጋቢት 2 ቀን 1998 ዓ.ም. ወጣ። አማካሪ ሆኖ የተጠራው የስኮትላንዱ የኬሚስትሪ ሊቅ ዶክተር ጂም ስዋን፣ የይላንን ሙቀትና እርጥበት እንደ መቅሠፍት ሳይሆን እንደ መሣሪያ ቆጠረው፤ አረቄው በፍጥነት የሚበስል ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ለስላሳና ንጹሕ ሆኖ እንዲወጣ፣ በርሜሉም በብርቱ ተመርጦ እንዲዘጋጅ አደረገ፤ የወይን በርሜሎችን ውስጣቸውን ፍቆ፣ በእሳት አሙቆ፣ እንደገና ለብልቦ መጠቀምም የእርሱ ዘዴ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. በኤደንብራ አጠገብ በሌይዝ፣ የስኮትላንዱ ባለ ቅኔ የሮበርት በርንስ በዓል ሰሞን በተደረገ፣ ስም ተሸፍኖ በሚቀመስበት ውድድር፣ ገና ልጅ የነበረው የታይዋን ውስኪ የስኮትላንዶቹን በለጠ፤ በ2015 እ.ኤ.አ.ም በዚያ በወይን በርሜል የበሰለው ውስኪ በዓለም የውስኪ ሽልማት ላይ ምርጥ ሲንግል ሞልት ተባለ። ከቆይታ ዓመት ብዛት በፊት የቆይታው ጥራት እንደሚመዘን ዓለም ከሐሩር ምድር ተማረ።

ኢትዮጵያም በዚያው ዘመን ከዚህ ታላቅ ንግድ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝታለች። ጆኒ ዎከርን የመሰሉ የውስኪ ስሞች ባለቤት የሆነው የእንግሊዙ ዲያጂዮ፣ በጥር ወር 2004 ዓ.ም. የሜታ አቦን ቢራ ፋብሪካ ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ለአሥር ዓመት ያህል ይዞት ቆየ፤ ከገብስ አምራች ገበሬዎችም ጋር በውል ሠራ። የመጣው ግን ለቢራ ነበር፤ ውስኪውን ከውጭ በጠርሙስ አመጣልን፤ በ2014 ዓ.ም.ም ፋብሪካውን ሸጦ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ብርሃን ቦርትማልት፣ በአዲስ አበባም በቦሌ ለሚ ሱፍሌ የሚባሉት የውጭ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በዓመት 60,000 ቶን ያህል ብቅል እንዲያመርቱ የታሰቡ ፋብሪካዎችን አቁመዋል። የአማራው ደጋ ገብስ በፋብሪካ በር ተመዝኖ የሚገባበት ዘመን እንግዲህ ደርሷል፤ ብቅሉ ግን እስካሁን ከቢራ ጋን አላለፈም።

ከዚህ ሁሉ ትረካ በኋላ አሳባችንን ወደ አጅባርና ወደ መካነ ሰላም ብንመልሰው፣ የሐሩሩ ምድር ታሪክ ለዚህ አገር የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ሆኖ ይታያል። ባንጋሎርና ይላን የተሳካላቸው ስኮትላንድን ለመምሰል በመድከም አልነበረም፤ የራሳቸውን ሙቀት ለክተው፣ ጉድለቱን ቆጥረው፣ በዚያው ልክ ሥርዓት በማበጀታቸው ነው። የቦረናና የሳይንት ምድር ደግሞ ለእነርሱ ያልተሰጠ ነገር አለው፤ ቀን የሚሞቅ፣ ሌሊት የሚበርድ፣ ዓመቱን ሙሉ ግን እጅግ የማይለዋወጥ ደጋ ከላይ፣ ማሽላ የሚበቅልበት የዓባይና የበሽሎ ቆላ ከታች፣ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ተያይዘው ይገኛሉ፤ በላይ ያለው መጋዘን እንደ ስኮትላንድ ቀስ ብሎ፣ በታች ያለው እንደ ባንጋሎር ፈጥኖ ሊያበስል ይችላል። የኦክ እንጨት የለንም ቢባልም፣ ስኮትላንድ ራሷ በርሜሎቿን ከአሜሪካና ከስፔን ታስመጣለች፤ የአሜሪካ ሕግ ቡርቦን ለሚባለው የአገሩ ውስኪ አዲስ በርሜል ስለሚያስገድድ አሮጌው ለሽያጭ ይቀርባልና። ጭስንም በተመለከተ፣ በስኮትላንድ ደሴቶች ብቅሉን በረግረግ አፈር ጭስ እንደሚያደርቁት፣ የእኛም እናቶች የጠላውን ጋን በወይራ ጭስ ማጠን ከጥንት ያውቃሉ።

ስለ መጠጥ ሲጻፍ ስለ ስካር ዝም ማለት አይገባም። አረቄ በርካሽ ዋጋ፣ በብዛት፣ ያለ ቁጥጥር ሲጠጣ ብዙ ቤት አፍርሷል፤ በወሎ ከአልኮል የሚርቀው ሙስሊም ወገናችን የሚያስተምረው ትምህርትም ሊከበር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት የሚቆይ፣ በጥቂቱ የሚወጣ፣ በውድ የሚሸጥ መጠጥ ከመንደር አረቄ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም፤ በቁጥጥርና በቀረጥ ሥር ተሠርቶ ወደ ውጭ ቢላክ፣ ከአንድ ኩንታል ገብስ የሚገኘውን ዋጋ ለገበሬው ያበዛለታል።

ስለዚህ ሦስት ወገኖች ሦስት ሥራ ይጠብቃቸዋል። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ የሚያስተምረው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ የአካባቢውን የገብስ ዘሮች በስማቸው መዝግቦ፣ ለብቅል የሚስማማው የትኛው እንደ ሆነ ቢመረምር፣ ቫቪሎቭ የጀመረውንና ዶክተር መላኩ ያጸኑትን ሥራ በተገቢው ቦታ ይቀጥላል። ሕግ አውጪው፣ እንግሊዝ በ1915 እ.ኤ.አ. እንዳደረገችው የብቅል አረቄ የሚቆይበትን አነስተኛ ዘመን፣ ከዚያም ጋር የገብሱን ትውልድ ስፍራ በሕግ ቢደነግግ፣ ስሙን ከአስመሳይ ይጠብቃል። ባለ ሀብቱም ብቅሉንና አረቄውን ለዘመናት ያወቁትን የደጋውን እናቶች በሙያቸው አክብሮ፣ ተቀጣሪ ብቻ ሳይሆኑ ባለ ድርሻ እንዲሆኑ ቢያደርግ፣ ጥበቡ ከባለቤቱ አይለይም። የኢትዮጵያ ገብስ የሌላውን አገር ማሳ ከበሽታ ሲያድን ስሙ ሳይጠራ ቀርቷል፤ በራሱ ደጋ ላይ በራሱ ስም የሚከበርበትን ሥርዓት ማቆም ግን የዚህ ትውልድ ግዴታ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው እህልና ጥበብ በእጃችን ስላለ፣ ሥራው የሚጀመረው የመጀመሪያውን በርሜል ሞልቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ሦስት ዓመት ለመጠበቅ በመቁረጥ ነው።